የአስታማሚው ሸክም፤ እንዴት ታወቀ? እንዴትስ ተለካ?

በአማርኛ «ታማሚ» እና «አስታማሚ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ግስ ነው። ቋንቋውን ያቀኑት አበው፣ ሕመም ከአንድ ቤት ሲገባ የሚይዘው አንድን ሰው ብቻ አለመሆኑን ያውቁ ስለ ነበር፣ አልጋ ላይ ለተኛው ስም ሲያወጡ ከአልጋው አጠገብ ለሚቀመጠውም ከዚያው ሥር ስም አውጥተውለታል። ዘመናዊው ሕክምና ግን ይህን ሁለተኛ ሰው ለማየት ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ፈጅቶበታል። በተለይም እኛ በተለምዶ «ጃጁ» እያልን የምናልፈውን፣ ሐኪሞች ግን ዲሜንሺያ የሚሉትን የመርሳት በሽታ በሚመለከት፣ አስታማሚው ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ መጠናት የጀመረው በሽታው ስም ካገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን መዘግየት ታሪክና ከዚያም በኋላ የተገኘውን ዕውቀት ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ይህን ርእስ ለአንድ የሕንፃ መሐንዲስ መስጠታቸው አንዳንዱን ባልደረባ ሳያስገርም አይቀርም። ነገሩ ግን ከሙያችን የራቀ አይደለም። ሐኪሞች ዛሬ በየቀኑ የሚናገሯቸው ስትሬስና ስትሬን የሚሉት ቃላት ቀድሞ የእኛ ነበሩ። በአንድ ምሰሶ ላይ ጭነት ሲያርፍበት በውስጡ የሚፈጠረውን ውጥረት ስትሬስ፣ በዚያ ውጥረት ምክንያት ምሰሶው የሚያሳየውን መሳብ ወይም መኮማተር ስትሬን እንላለን። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ምርምር ስትሬስ የሚለውን ቃል ወደ ሕክምና ያስገባው ሃንስ ሰልዬ ነው፤ በስተርጅናው ግን እንግሊዝኛው በጊዜው አልጠና ብሎት እንጂ ሊጠቀምበት ይገባ የነበረው ቃል ስትሬን እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። ለኛ መሐንዲሶች የሚያስፈግግ ነው። ይሁን እንጂ በጭነቱና ጭነቱ በተሸካሚው ላይ በሚያደርሰው ለውጥ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የመላው ታሪክ ቁልፍ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በከተማው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ገባች። ባልዋ ካርል የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አሎይስ አልዝሃይመር የተባለው ሐኪም በማግስቱ መርምሯት ንግግሯን ቃል በቃል መዘገበ። ስሟን ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ የባልዋን ስም ስትጠየቅ ግን መልሳ የራሷን ስም ትናገራለች። የምትበላውን ምግብ ስም ታሳስታለች። ጻፊ ስትባል ጀምራ በመካከሉ ትተወዋለች። ሴትዮዋ በኤፕሪል 1906 ስትሞት አልዝሃይመር አእምሮዋን ወደሚሠራበት ወደ ሙኒክ አስመጥቶ በአጉሊ መነጽር መረመረ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀንም ያገኘውን በቲዩቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ባልደረቦቹ አቀረበ። ከተሰብሳቢዎቹ ጥያቄ ያቀረበ አልነበረም። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን በታወቀው የሕክምና መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሽታውን በባልደረባው ስም ጠራው። የሴትዮዋ መዝገብ ግን ጠፍቶ ቆይቶ በ1995 በፍራንክፈርት ተገኘ።

አሁን ወደ ባልየው እንመለስ። አልዝሃይመር በ1907 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ካርል ዴተር የሚነሣው ከበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ በባልዋ ላይ ያደረባት ብርቱ ቅናት መሆኑን ለመግለጽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተረከው የእርሷ ሁኔታ ነው፤ በገዛ ቤቷ ውስጥ መንገድ እንደ ጠፋት፣ ዕቃ እያነሣች እንደምትደብቅ፣ ሊገድሉኝ ነው እያለች እንደምትጮኽ ተጽፏል። እነዚህን ነገሮች ከሐኪሙ በፊት ያየ ሰው ነበር። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ሲመለስ የተደበቀውን ዕቃ የሚፈልግ፣ ያልሠራውን ኃጢአት የሚከሰስ፣ ሌሊት በጩኸት የሚነቃ አንድ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እርሱ እንዴት እንዳደረ የጠየቀ የለም። አልዝሃይመርን መውቀሴ አይደለም፤ የዘመኑ ሕክምና ጥያቄ አእምሮው ውስጥ ምን ተበላሸ የሚል ነበርና ለዚያ ጥያቄ ድንቅ መልስ ሰጥቶበታል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዐምሳ ዓመታት በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። የአልዝሃይመር በሽታ የሚለው ስም በአብዛኛው ለጎልማሶች ብቻ የሚሰጥ ሆነ፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች ሲረሱና ሲዘባርቁ ግን እርጅና ነው ተብሎ ታለፈ። ይህ አከፋፈል ያስከተለው ነገር ቀላል አልነበረም። በሽታ ከሆነ ሐኪም ይጠየቃል፤ እርጅና ከሆነ ግን የቤተሰብ ዕጣ ነው፤ በዕጣውም የሚያማርር እንደ ክፉ ልጅ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው የመለካት ሙከራ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ትልልቆቹን የአእምሮ ሆስፒታሎች እያጠበቡ ሕሙማንን በቤታቸው ማከም የሚል ዐሳብ ተስፋፋ። ዐሳቡ ቅን ነው፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን አንድ ጭነት ከአንድ ምሰሶ ሲነሣ በሌላው ላይ እንደሚያርፍ ማንም የመዋቅር ስሌት የሠራ ሰው ያውቃል። ዣክሊን ግራድና ፒተር ሴንስበሪ የተባሉት ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ አነሡ። በቺቸስተር ሕሙማን በቤታቸው የሚታከሙበት አዲስ አገልግሎት ሲኖር፣ በሶልዝበሪ ግን አሮጌው፣ በሆስፒታል ላይ የተመሠረተው አሠራር ነበረ። ሁለቱን ከተሞች አነጻጽረው ከ1963 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች በቤተሰቡ ላይ የሚያርፈውን ሸክም በግልጽ የጥናት ርእስ አደረጉት፤ ቤተሰቦች ይበልጥ ዕረፍት ያገኙትም በአሮጌው አሠራር ሥር ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ሆስፒታሎቹ ይመለሱ ማለት አይደለም። ሕመምተኛውን ወደ ቤት መላክ ወጪን ከመንግሥት መዝገብ ወደማይጻፍበት መዝገብ ማዛወር እንደ ሆነ ግን አሳየ።

በ1966 ሆኒግና ሃሚልተን ሌላ እርምጃ ጨመሩ። በቤተሰቡ ላይ በተጨባጭ የሚደርሰውን፣ ማለትም የጠፋውን ደመወዝ፣ የተቋረጠውን እንቅልፍ፣ የፈረሰውን የቤት ሥርዓት ለብቻ መዘገቡ፤ ቤተሰቡ ራሱ የሚሰማውን ሸክም ደግሞ ለብቻ ጠየቁ። ሁለቱ አልተጋጠሙም። ከባድ ችግር ያለበት ቤት «እኛስ ደኅና ነን» ሲል፣ ቀለል ያለ ችግር ያለበት ሊወድቅ የተቃረበ ሆኖ ይገኛል። ጭነትና ስትሬን ተለያዩ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የተጠኑት ግን በአብዛኛው በሌላ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ሰዎች ቤተሰቦች ነበሩ፤ የመርሳት በሽታ ተራው ገና አልደረሰም ነበር።

ተራው እንዲደርስ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1968 ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ በኒውካስል በሠሩት ጥናት፣ የጃጁ ሽማግሌዎችን አእምሮ ከሞቱ በኋላ መርምረው አልዝሃይመር በአውጉስተ አእምሮ ያየውን ዓይነት ጉዳት አገኙ፤ የጉዳቱ መጠንም በሕይወት ሳሉ ከነበረባቸው የመርሳት ደረጃ ጋር የሚሄድ ነበር። በ1976 ደግሞ ሮበርት ካትስማን በአሜሪካ ባወጣው አጭር ርእሰ አንቀጽ፣ በጎልማሳና በሽማግሌ መካከል የተደረገው አከፋፈል መሠረት የሌለው መሆኑን፣ ስለዚህም በሽታው ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አስገነዘበ። እርጅና ይባል የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሽታ ሆነ። ይህም በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችና የትዳር ጓደኞች የሚናገሩበት ቋንቋ ሰጣቸው።

መናገርም ጀመሩ። በካናዳ በ1978፣ በእንግሊዝ በ1979 ማኅበራት ተቋቋሙ። በአሜሪካ ቺካጎ ሚስቱ በዚሁ በሽታ የተያዘችበት ጀሮም ስቶን የተባለ የኢንዱስትሪ ሰው ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆኖ በ1980 ብሔራዊ ማኅበር መሠረተ። በዚያው ዓመት ዲር አቢ በተባለው ዕውቅ የጋዜጣ የምክር ዐምድ ላይ ባልዋን የምታስታምም የአንዲት ሴት ደብዳቤ ታተመና የማኅበሩ አድራሻ ተገለጸ። ከ20 ሺህ በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። እስከዚያች ቀን ድረስ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ቤት የእርሱ ብቻ ይመስለው ነበር ማለት ይቻላል።

በዚሁ በ1980 ዓመት ከሁሉ ይበልጥ የመሐንዲስን ልብ የሚስበው ጥናት ታተመ። በካሊፎርኒያ የሚሠራው ስቲቨን ዛሪትና ሁለት ባልደረቦቹ 29 የመርሳት ሕሙማንን ከ29 አስታማሚዎቻቸው ጋር መርምረው የአስታማሚውን ሸክም የሚለካ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጁ። ዝርዝሩ በኋላ ተሻሽሎ 22 ጥያቄዎች ያሉት ሆነ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስለሚሰጠው ከፍተኛው ድምር 88 ነው። እስከ ዛሬም በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ይሠራበታል። ጥያቄዎቹ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ገንዘብ ብቻ አይደሉም። ለራስህ ጊዜ አጥተሃል ወይ? በእንግዳ ፊት በዘመድህ ጠባይ ታፍራለህ ወይ? አጠገቡ ስትሆን ትቈጣለህ ወይ? ለሌላ ሰው ጥለኸው ልትሄድ ትመኛለህ ወይ? ከዚህ የበለጠ ማድረግ ነበረብኝ ትላለህ ወይ? የሚሉ ይገኙባቸዋል። ቁጣና ጸጸት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሆነው በቁጥር ሲመዘገቡ ይህ ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ነበር።

ተመራማሪዎቹ የጠበቁት፣ ማንኛችንም እንደምንጠብቀው፣ የሕመምተኛው ጠባይ በከፋ መጠን የአስታማሚው ሸክም ይከብዳል የሚል ነበር። ውጤቱ ግን እንዲህ አልሆነም። የሸክሙ ክብደት ከመርሳቱ መጠን ወይም ከአስቸጋሪው ጠባይ ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው ከሌላ ነገር ጋር ነበር፤ ይኸውም ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ወንድምና እኅት ሕመምተኛውን ሊጠይቁ ከሚመጡበት ብዛት ጋር ነው። ጠያቂ የበዛለት ቤት ሸክሙ ቀሎታል። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ስለ ሆኑ፣ ኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም የጠባዩ ጉዳይ ጨርሶ የማይናቅ መሆኑን ስላሳዩ፣ አንድ ጥናት ብቻውን ሕግ ሊሆን አይችልም። ይሁንና የመጀመሪያው መለኪያ ገና በተሠራበት ዓመት፣ ከሐኪም መሣሪያ ይልቅ የበሩን መንኳኳት መቍጠሩ የሚታሰብበት ነገር ነው።

በ1981 ናንሲ ሜስና ፒተር ራቢንስ ለቤተሰቦች የሚሆን መመሪያ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ርእሱ አንድ ቀን ሠላሳ ስድስት ሰዓት አለው የሚል ዐሳብ የያዘ ነው። መጽሐፉ እየታደሰ እስካሁን ይታተማል፤ ከአንድ የጥናት ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ቤት የገባው እርሱ ነው።

ከምዕራቡ ዓለም ቀደም ብሎ ነገሩን በአደባባይ ያወጣው ግን አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። በጃፓን ሳዋኮ አሪዮሺ የተባለችው ደራሲ በ1972 ባሳተመችው ረዥም ልብ ወለድ፣ አኪኮ የተባለች በጽሕፈት ቤት የምትሠራ ሴት የጃጁ አማቷን ስታስታምም ታሳያለች። ሽማግሌው የገዛ ልጃቸውን ሌባ መጣ ብለው ሲፈሩት፣ በደኅናው ዘመን ሲያመናጭቋት የነበረችውን ምራታቸውን ግን አይለቁም። ባልየው አባቱን ሲያይ የራሱን መጨረሻ ያየ እየመሰለው ይሸሻል። መጽሐፉ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ፤ በዓመቱም ፊልም ሆነ። የሚሠራ ወንድ ልጅ፣ የሚሠራ ባል፣ ከሥራ የምትቀር ምራት፤ ይህ ሥርዓት እስከዚያ ድረስ የቤተሰብ ምስጢር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የአገር ጥያቄ ሆነ። በ1980 በኪዮቶ የጃጁ ሽማግሌ ያለባቸው ቤተሰቦች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩም ሆነ ሌሎች ብዙ ዓመት ከተሟገቱ በኋላ፣ በ1997 የወጣው የረዥም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሕግ በኤፕሪል 2000 ሥራ ላይ ዋለ። ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲያረጅም እቤቱ ድረስ የሚመጣ ረዳት ወይም የቀን መዋያ ያገኛል።

ከዚህ ላይ አንድ ክርክር ልጥቀስ፤ ለሕግ ነዳፊ ሁሉ የሚጠቅም ነውና። ጀርመን በ1995 በጀመረችው ተመሳሳይ መድን ቤተሰብ ቢፈልግ በአገልግሎቱ ፈንታ ገንዘብ መቀበል ይችላል። በጃፓን ግን የሴቶች ማኅበራት ገንዘብ መስጠቱን አጥብቀው ተቃወሙ። ገንዘቡ ከመጣ ምራቲቱ ጭራሽ ከአልጋው አጠገብ ትታሰራለች፤ የሚያስፈልጋት ብር ሳይሆን ተተክቷት የሚሠራ ሰው ነው አሉ። ሕጉም በዚያው መንፈስ ወጣ። ይህ ጸሐፊ በዚህ ክርክር ከጃፓን ሴቶች ጋር ነው። ምሰሶው ላይ ቀለም ቢቀቡት ጭነቱ አይቀንስም።

የሸክሙ ዓይነት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ደግሞ ወደ ፖሊን ቦስ ሥራ መሄድ ያስፈልጋል። ይህች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ የጀመረችው በቬትናም ጦርነት የገቡበት ጠፍቶ የቀሩ አብራሪዎችን ቤተሰቦች በማጥናት ነው። ሰውዬው የለም፤ ሞተ ተብሎም አልተለቀሰም። በኋላም ይህንኑ መልክ በተገላቢጦሽ በመርሳት ሕሙማን ቤት አገኘችው። ሰውዬው አለ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ነገር ግን የለም። ድንበሩ ያልታወቀ ማጣት የሚል ስም ሰጠችው፤ በ1999ም በመጽሐፍ አወጣችው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ አንድ ጡረታ የወጡ አንጋፋ የቅየሳ ባለሙያ ናቸው። ሥራ ስንጀምር ብዙዎቻችንን መሣሪያ አያያዝ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እንደ ታመሙ ሰምተን ልንጠይቃቸው ስንሄድ፣ «ምን ያህል ይረሳሉ?» ብሎ አንዱ ጓደኛችን ጠየቃቸው። «መርሳቱንስ ቻልኩት» አሉ፤ «አርባ ዓመት ሙሉ አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ አሁን እርስዎ ትለኛለች። ማታ ማታ ‹ጌታዬ፣ መሸ እኮ፤ ቤትዎ አይሄዱም?› እያለች በሩን ትከፍትልኛለች።» በሌላ ቋንቋ ሊገለጽ የማይችል ሐዘን ነው። አክብሮቱ ራሱ የመለያየቱ ምልክት ሆኗል። እንዲህ ላለው ሐዘን ድንኳን አይተከልም፤ «ነፍስ ይማር» የሚልም አይመጣም።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የአስታማሚው መከራ ስሜት ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች መልሱ የመጣው በ1995 ነው። በኦሃዮ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት ሕመምተኛ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜና በገቢ የሚመስሏቸውን የማያስታምሙ 13 ሴቶች መረጡ። በሁሉም ክንድ ላይ በሕክምና መሣሪያ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቁስል አደረጉና እስክትድን ድረስ ተከታተሉ። የማያስታምሙት በአማካይ በ39 ቀን ዳኑ፤ የሚያስታምሙት ግን ከ48 ቀን በላይ ፈጀባቸው። ልዩነቱ ዘጠኝ ቀን ነው። እኛ የሲሚንቶን ጥንካሬ በ28 ቀን ለመፈተን ናሙና እንደምንሰብር ሁሉ፣ እነዚህ ሐኪሞች የሰውን ጽናት በቁስል ፈተኑት።

በ1999 ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች የበለጠ ከባድ ነገር ጻፉ። ከ66 እስከ 96 ዓመት የሆናቸውን፣ የታመመ የትዳር ጓደኛ ያላቸውን 392 አስታማሚዎች ከ427 ሌሎች ሰዎች ጋር ለአራት ዓመት ተከታተሉ። እነዚህ የመርሳት ሕመምተኛ አስታማሚዎች ብቻ አልነበሩም። እያስታመሙ ስትሬን እንደሚሰማቸው የገለጹት የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ ቁጥር በጋዜጦች ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ የሚዘለለው ግን ሁለተኛው አንቀጽ ነው። እያስታመሙ ስትሬን አይሰማንም ያሉት ሰዎች የሞት መጠን ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም። በ2013 ደግሞ በአሜሪካ ከ3,500 በላይ አስታማሚዎችን ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት፣ አስታማሚዎች በጠቅላላው የሞት መጠናቸው በ18 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ማስታመም ይገድላል ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ሆኒግና ሃሚልተን በ1966 ያዩት ልዩነት ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በሞት መዝገብ ላይ ታየ። ጎጂው ጭነቱ ብቻውን አይደለም፤ ያለ ድጋፍ የቆመው ምሰሶ ርዝመት ነው። የኦይለርን ቀመር የሚያስታውስ አንባቢ፣ ያው ጭነት ያንኑ ምሰሶ በመካከሉ ደጋፊ ሲደረግለት እንደማያጎብጠው ያውቃል።

ደጋፊ ቢደረግስ ምን ያህል ይረዳል? የሚለውን ሜሪ ሚተልማንና ባልደረቦቿ በኒው ዮርክ ሞከሩት። ሕመምተኛ የትዳር ጓደኛ ያላቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል የተሰጠው ስድስት የምክር ስብሰባ ነው፤ ሁለቱ ለአስታማሚው ለብቻው፣ አራቱ ግን ዘመዶቹ ባሉበት የሚደረጉ ነበሩ። ከዚያም የአስታማሚዎች ማኅበርና በቸገረ ጊዜ የሚደወልበት ስልክ ተጨመረ። ሌላ ነገር የለም። በ1996 በ206 ሰዎች ላይ በታተመው ውጤት፣ ሕመምተኞቹ ወደ መጦሪያ ቤት የገቡበት ጊዜ በመካከለኛው ግምት በ329 ቀን ዘገየ። በ2006፣ 406 አስታማሚዎችን ለረዥም ጊዜ ከተከታተሉ በኋላ፣ መዘግየቱ 557 ቀን ሆነ። የትኛውም መድኃኒት እንዲህ ያለ ውጤት ቢያሳይ ኖሮ ስሙ በየፋርማሲው ይለጠፍ ነበር። ከስድስቱ ስብሰባ አራቱ ዘመድ የሚሰበሰብበት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እስከዚህ ድረስ የተተረከው የሀብታም አገሮች ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን፣ ይህን የመሰለ ብቸኝነት የእነርሱ ነው፤ እኛ ዘንድ ቤተሰብ አለ፤ የሚል መተማመን አለን። ይህንኑ መተማመን ለመፈተን በ1998 ዐሥር ስድሳ ስድስት የሚባል የምርምር ቡድን ተቋቋመ። ስሙ ስሌት ነው። ከመርሳት ሕሙማን 66 በመቶው በታዳጊ አገሮች ሲኖሩ፣ ከሚካሄደው ምርምር ለእነርሱ የሚደርሰው ከ10 በመቶ በታች ነው ለማለት የወጣ ነው። ቡድኑ በ2004 ባወጣው ጥናት በላቲን አሜሪካ፣ በሕንድ፣ በቻይናና በናይጄሪያ ጭምር በሚገኙ 24 ቦታዎች 706 ሕሙማንን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር መረመረ። አብዛኞቹ አስታማሚዎች ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ከሕመምተኛው ጋር ይኖራሉ። ይሁን እንጂ የስትሬናቸው መጠን ከአውሮፓና ከአሜሪካ አስታማሚዎች የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። አስታማሚዋ ከሕመምተኛው ጋር በምትኖርበት ቤት ግን የቤተሰቡ ቁጥር ሲበዛ ስትሬኑ ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ሰው መኖሩ ይረዳል፤ ግን ቤተሰብ አለ ተብሎ ብቻ አንዷ ልጅ ወይም አንዷ ምራት ብቻዋን እንዳልተሸከመች እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 በመርሳት በሽታ ላይ ዓለም አቀፍ የሥራ ዕቅድ ሲያጸድቅ የአስታማሚዎችን ድጋፍ ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎታል። በድርጅቱ ግምት በሽታው በ2019 በዓለም ላይ ያስወጣው ወጪ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ማንም ደመወዝ ያልከፈለበት የቤተሰብ ድካም ነው። ከማስታመሙም ሰዓት 70 በመቶው የሴቶች ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የእኛ አገር ሴቶች በሁለት በኩል ይገባሉ። በቤይሩትና በሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞች በቤት ሠራተኝነት የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያት የሚሠሩት ሥራ ምግብ ማብሰልና ማጽዳት ብቻ አይደለም። የቤቱን አረጋዊት ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት ተነሥተው ሲወጡ ተከትሎ መመለስም አለበት። የአንዱ አገር ምራት ያወረደችውን ሸክም የሌላው አገር ልጅ አነሣችው። የራሷ እናት በስተርጅና ማን ያስታምማቸዋል የሚለው ጥያቄ በውሉ ላይ አይጻፍም።

እዚህ አገር ቤት ያለነውስ? በአማርኛ የታመመን ሰው ማየት «መጠየቅ» ይባላል። እግሩ የተሰበረን ሰው፣ የወለደችን ሴት፣ ሐዘን የደረሰበትን ቤት እንጠይቃለን፤ በዚህም ማንም አያማንም። የመርሳት ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ግን በመጀመሪያው ዓመት እንጠይቅና፣ እማማ ማንነታችንን ሲረሱ፣ ያንኑ ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ሲደግሙ፣ እግራችን ይከዳናል። «ከንግዲህ አያውቁንም፤ ምን እናደርጋለን?» እንላለን። ዛሪት በ1980 የቈጠረው ግን የሕመምተኛውን ማወቅ አልነበረም። የጠያቂውን መምጣት ነው የቈጠረው፤ የሸክሙ መቅለልም የታየው በአስታማሚዋ ላይ ነው።

ዕድሮቻችንም እንዲሁ ናቸው። የአብዛኛው ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ዋና ጉዳይ ሞት ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለለቅሶው ቤት የሚሰጠው ገንዘብ፣ በቀሪ አባል ላይ የሚጣለው መቀጮ በየአንቀጹ ተዘርዝሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤች.አይ.ቪ. ኤድስ በርትቶ በነበረበት ጊዜ ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ጀምረው ነበር። አባሉ ሳይሞት ዕድሩ ወደ ቤቱ መግባት መቻሉ በዚያን ጊዜ ታይቷል። አንድ ዕድር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት አባላቱን ልኮ አስታማሚዋ ወጥታ እንድትመለስ ቢያደርግ፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ የድንኳን ማጠቢያ አይበልጥም። የእኛው ማኅበር ዕድርም ደንቡን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ያሻሽላል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ የሕመም ጊዜ ድጋፍ የሚለው አንቀጽ አልጋ ላይ ለዋሉ አባላት ብቻ እንዳይወሰን ለማድረግ ጊዜው ያኔ ነው።